ፓስታ ሁሉ እንቁላል አለበት ስለሚባለው

«ፓስታ ሁሉ በእንቁላል ስለሚለወስ ፒያሳ አካባቢ ያሉት የጣሊያን ምግብ ቤቶች ለጿሚ አይሆኑም» የሚለው አስተያየት በተደጋጋሚ ሲጻፍ ስለተመለከትሁ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። እንደ ስፓጌቲና መኮሮኒ ያለው ደረቅ ፓስታ በተለምዶ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ የስንዴ ዓይነት ዱቄትና ከውኃ ብቻ ነው፤ እንቁላል የሚገባው በአብዛኛው ታልያቴሌን (ረጅምና ጠፍጣፋ ፓስታ) በመሳሰሉት፣ በተለይም እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ ተለውሰው ትኩስ በሚቀርቡት ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የእሽጉን ጀርባ ገልብጦ የይዘት ዝርዝሩን ያንብብ፤ ምግብ ቤት ሲገባም «የጾም አላችሁ?» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ፓስታው ደረቅ ይሁን ትኩስ፣ ስጎው ውስጥ ቅቤ ይግባ አይግባ ለይቶ ይጠይቅ (ፎርማጆውንም ቀድሞ ማስቀረት ይበጃል፤ አንዳንድ ቤት ሳይጠየቅ ይነሰንሰዋል)። ስሕተቱ እስካልታረመ ድረስ ጿሚው በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በሚጥሚጣ ዓይነት ቃሪያ ብቻ የሚሠራውን፣ ከሮም እስከ ናፖሊ የታወቀውን ስፓጌቲ ያለ ምክንያት ይተወዋል።