ስለ ባሕሩ ከማውራታችን በፊት

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ወሬያችን ሁሉ ባሕር ሆኗል። ታክሲ ውስጥ ባሕር፣ ለቅሶ ቤት ባሕር። ሁሉም ስለ ምጽዋ "የኛ ነበረች እኮ" ይላል። ነበረች። የኛ በነበረች ጊዜ ምን እንዳደረግናት ግን ማንም ሲያነሳ አልሰማሁም።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። ከሁለቱም ወገን ስንት ልጅ እዚያ ሐሩር ውስጥ ቀረ። እሱስ ጦርነት ነው እንበል። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከተማዋ ከእጃችን ስትወጣ አውሮፕላኖቻችን እየተመላለሱ ደበደቧት። ናፓልምና ክላስተር ቦምብ፣ ሰው በሚኖርበት ከተማ ላይ! ወደቡ ላይ የነበረ የእርዳታ እህል ሳይቀር ነደደ። ያውም ሰሜኑ በድርቅ በተመታበት ዓመት። የተራበ የሚጠብቀውን እህል አቃጠልን። ቱርክና ጣሊያን ያቆሙት የድንጋይ ቤት ፈራረሰ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ጉልላቱ ተቦድሶ ለዓመታት እንደዚያው ቆመ። ጣሊያን ቅኝ ገዢ ነበር። እኛ ግን "ወንድም ነን" እያልን ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የምጽዋ ተወላጅ የሆኑ ጎረቤታችን እናቴን ቡና ጠርተዋት ተከትዬ ገባሁ። ሬዲዮው ስለ ግንባሩ ሲያወራ "በላቸው!" ብዬ አጨበጨብኩ። እትዬ ምንም አላሉም። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው፤ አላነሱትም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እህታቸው እዚያ እንደነበሩ የነገረችኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው።

በ1985 ኤርትራውያን ድምፅ ሰጡ። 99.8 በመቶ ለነጻነት። እኛ "ተሸወድን" አልን። ሁሉንም ቦምቡ ነው ያመጣው አልልም፤ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ነው። ግን ጣሪያው ላይ እሳት የወረደበት ሰው ምን ብሎ እንዲመርጥ ጠብቀን ነበር?

ስለ ወደብ አታውሩ አላልኩም። እናውራ፣ እንደራደር፣ ካስፈለገ እንክፈል። ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። ለልጆቻችን የምናወርሰው ወደብ ሳይሆን ቂም እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ... ልጆቻችን ከኛ ይሻሉ ይሆናል።

በ1990 ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ እትዬ ከአገር ተባረሩ። ያኔም ዝም አልኩ። ጀበናቸውን እናቴ ዘንድ ትተው ነው የሄዱት፤ አሁን እኔ ቤት አለ። አፉ ትንሽ ተሸርፏል። አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ብዬ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።