መታወቂያው ፋይል ውስጥ አለ፤ ፈቃደኝነቷስ?

አሜሪካ ውስጥ የወሲብ ፊልም መሥራት ሕጋዊ ንግድ ነው። ወረቀቱ ግን ብዙ ነው። ፊልም ሠሪው የእያንዳንዱን ተዋናይ መታወቂያ አይቶ ኮፒውን ማስቀረት አለበት። እውነተኛ ስም፣ የልደት ቀን፣ ከዚህ በፊት የተጠቀሙባቸው ስሞች ሁሉ ይመዘገባሉ። መዝገቡ የት እንደተቀመጠ የሚገልጽ አድራሻ ደግሞ ፊልሙ ላይ ይለጠፋል። ይህን ያላሟላ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ተዋናይዋ የ40 ዓመት ሴት ብትሆንም እንኳ። የዘርፉ ሰዎች ሕጉን የሚጠሩት በአንቀጽ ቁጥሩ ነው፦ 2257።

ብዙ አንባቢ «እሰይ! እንዲያውም ሲያንሳቸው ነው» ይል ይሆናል። እኔም ለዚህ ኢንዱስትሪ ጥብቅና ልቆም አልመጣሁም። የምጠይቀው ይህ ሁሉ ወረቀት ማንን እንዳዳነ ነው።

መነሻው በቂ ምክንያት ነበረው። በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የታወቀች የወሲብ ፊልም ተዋናይ ሥራውን የጀመረችው ገና ልጅ ሳለች፣ በሐሰተኛ መታወቂያ እንደነበር ታወቀ። ፊልሞቿ ከገበያ ተለቀሙ። አገር ጉድ አለ። ኮንግረስ በ1988 ሕጉን አወጣ። «ዕድሜዋን አላወቅኩም ነበር» የሚለው ማምለጫ ተዘጋ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ማን ይቃወማል?

መንግሥት ፋይሎቹን ለማየት በር ማንኳኳት የጀመረው ግን በ2006 ነው። ሕጉ ከወጣ 18 ዓመት በኋላ! የኤፍቢአይ ሰዎች ሳያስታውቁ፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ይመጣሉ። 29 ያህል ድርጅቶችን ፈትሸው በ2007 አቆሙ። ትንንሽ ፊልም ሠሪዎች ቢሯቸው ቤታቸው ነው። ስለዚህ ያለ ማዘዣ የሚገባው ፖሊስ ሳሎን ድረስ ይገባል ማለት ነው። በ2016 የሦስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ዓይነቱን ፍተሻ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ትክክል ነው ባይ ነኝ። ፋይል ለማየት ማዘዣ ማውጣት ለኤፍቢአይ ምኑ ከባድ ነው?

ሌላም ችግር ነበር። የ2005ቱ ደንብ ፎቶውን ወይም ቪዲዮውን ወስዶ የሚያወጣ ድረ ገጽ ሁሉ የመታወቂያውን ኮፒ እንዲይዝ አስገደደ። የአንዲት ሴት እውነተኛ ስምና የቤት አድራሻ በማታውቃቸው ሰዎች እጅ ገባ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለች ሴት ከሁሉም በላይ የምትፈራው ደግሞ አድራሻዋን አውቆ የሚከታተላትን ሰው ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ሕጉ የሠራበትም ጊዜ አለ። በ2006 «ገርልስ ጎን ዋይልድ» የሚባሉትን ቪዲዮዎች የሚሠራው ድርጅት መዝገብ ባለመያዙ ጥፋተኛ መሆኑን አመነ። ከባለቤቱ ጋር 2.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። እዚያ ከተቀረጹት መካከል 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። ስለዚህ መታወቂያ ይታይ፣ ኮፒውም ይቀመጥ። በዚህ አልከራከርም።

አሁን ወደ ሳንዲያጎ እንሂድ። «ገርልስ ዱ ፖርን» የሚባል ድረ ገጽ ነበር። ሰዎቹ ለልብስ ሞዴልነት የሚል ማስታወቂያ ያወጣሉ። ወጣት ሴቶች ያመለክታሉ። በኋላ ሥራው ሌላ መሆኑ ይነገራቸዋል። «ቪዲዮው ውጭ አገር በዲቪዲ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም» ይባላሉ። ውል ይፈርማሉ። ከዚያ ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃል፤ ጓደኛ፣ ቤተሰብ፣ የትምህርት ቤት ሰው ሁሉ ያየዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ለአካለ መጠን የደረሱ ነበሩ። የመታወቂያ ጥያቄ ብቻ ይዞ የሄደ መርማሪ ከእነሱ ፋይል ምን ያገኝ ነበር? ምንም። 2257 የሚጠይቀው «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብቻ ነው። «ተታልላ ነው ወይ? እምቢ ብላ ነበር ወይ?» የሚል ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም።

ነገሩን ያወጡት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። 22ቱ በፍትሐ ብሔር ከሰሱ፤ በ2020 መጀመሪያ ወደ 12.8 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። የወንጀል ክሱ የመጣው የፍትሐ ብሔሩ ችሎት እየተካሄደ ሳለ፣ በ2019 መጨረሻ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ከአገር ሸሽቶ ስፔን ውስጥ ተያዘ፤ በ2025 የ27 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተፈረደበትም ለወሲብ ንግድ ሰው በማዘዋወር ነው።

ሌላው ቀዳዳ ሰፊ ነው። ሕጉ የሰው ቪዲዮ ተቀብሎ ሳይመርጥና ሳይቀይር የሚያስተናግድን ድረ ገጽ አይነካም። ትንሹ ስቱዲዮ መሳቢያው በፋይል ሲጨናነቅ፣ ማንም የፈለገውን የሚጭንበት ግዙፍ ድረ ገጽ ነፃ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፖርንሃብ ያልተረጋገጡ ቪዲዮዎችን በሚሊዮኖች የሰረዘው በዲሴምበር 2020 ነው። ያስገደደው ኤፍቢአይ መስሏችሁ እንዳይሆን። ጋዜጣ ጻፈበት፣ ቪዛና ማስተርካርድም ክፍያ ቆረጡበት። ማስተርካርድ በቀጣዩ ዓመት የራሱን ደንብ አወጣ፦ የሚታየው ሰው ማንነትና ዕድሜ ይረጋገጥ፣ ፈቃደኝነቱ በማስረጃ ይያዝ፣ አቤቱታ ከቀረበ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ያግኝ። የባንክ ካርድ ኩባንያ ከኮንግረስ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀ። ይሄ አያሳፍርም?

መንግሥታት ግን መታወቂያ መሰብሰብ ይወዳሉ። አሁን ተራው የተመልካቹ ነው። ቴክሳስ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች የጎብኚውን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አዘዘች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ አጸናላት። ቨርጂኒያም ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ቴክሳስ ዳላስና ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወላጆች ይህን ሳታውቁት አትቀሩም። ልጅን መከላከል ጥሩ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለችውን ሴት ግን ይህም አይጠይቃትም።

እሷን የሚጠይቅ ሕግ በሜይ 2025 ተፈርሟል። ያለ ፈቃዱ የተለቀቀበት ሰው ካመለከተ፣ ድረ ገጾች ምስሉን በ48 ሰዓት ውስጥ ማንሳት አለባቸው። ለዚህ ዝግጅት እስከ ሜይ 2026 ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። የሚያስፈጽመው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። ገንዘቡና የሰው ኃይሉ ለዚያ ይመደብ። ኤፍቢአይም ወደ ስቱዲዮ የሚሄድ ከሆነ፣ ማዘዣ ይዞ፣ ከመሳቢያው በፊት ሴቶቹን ያነጋግር።