«አታሟርት!» ከማለታችን በፊት

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። ጮክ ተብሎ የሚወራው «ድንገተኛ ሕመም ነው» ይላል። በሹክሹክታ የሚወራው ደግሞ «ራሱን ነው አሉ» ይላል። ቤተሰብ የሚደብቀው ወዶ አይደለም። ፍትሐት ይከለከል ይሆን ብሎ ይሰጋል፣ የጎረቤት አፍ ይፈራል፣ የቀሩት ልጆች ነገ «የእነ እንትና ዘር» እንዳይባሉ ይጨነቃል። እሺ፣ ይሁን። እኔን የሚከነክነኝ በሠልስቱ ቀን የሚመጣው ነው። አንዱ ድንገት ትዝ ይለውና «እኔ ከሌለሁ እናቴን አደራ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ቀልዱን መስሎኝ!» ይላል።

«እሞታለሁ የሚል አይሞትም» ብለን እናምናለን። የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚለውን ተረት ከውሻ አንስተን ሰው ላይ ለጠፍነው። ስህተት ነው። ራሳቸውን ካጠፉት ብዙዎቹ ቀድመው በሆነ መንገድ ተናግረዋል። «ሸክም ሆንኩባችሁ።» «ተኝቼ ባልነሳ።» አንዳንዱም ምንም ሳይል የሚወደውን ዕቃ ያድላል፣ እየዞረ ሰው ይሰናበታል።

እኛስ ምን እንመልሳለን? «በስመ አብ በል!» «አታሟርት!» «ደሞ አንተ ምን ጎደለህ?» ሰውየው አፉን ይዘጋል። ወንድ ከሆነማ «ሆደ ሰፊ ሁን» ይጨመርለታል፤ በዓለም ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች ከሴቶቹ በእጥፍ እንደሚበልጡ ማን ያስታውሳል!

«ብጠይቀው ሐሳቡን ባስገባበትስ?» የሚሉ አሉ። የአእምሮ ሐኪሞች ደጋግመው የሚሉት ሌላ ነው። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ የሌለ ሐሳብ አይፈጥርም። ካለም፣ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ትንሽ ያሳርፈዋል።

«መሞት የፈለገን ማን ያቆመዋል?» ለሚሉት ደግሞ ስሪላንካን ልጥቀስ። በጣም አደገኛ የሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከገበያ እያስወጣች በሄደችባቸው ሁለት አሥርት ዓመታት ራሱን የሚያጠፋው ሰው ከግማሽ በታች ወረደ። ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ይወላውላላ። ያቺ ክፉ ሰዓት ካለፈች ይኖራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን አጥፍቶ ይሞታል ይላል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ለጉዳዩ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ቀንም ጳጉሜ 5 ላይ ይውላል፤ እኛ ዶሮና ሽንኩርት ስንሻማ።

እኔም እድሜ ልኬን «አታሟርት» ባይ ነበርኩ። አንድ ጓደኛዬ ከሥራ ወጥቶ ስልክ ማንሳት ካቆመ በኋላ ነው የነቃሁት። ቤቱ ሄድኩና፣ ምላሴ እየተሳሰረ፣ በቀጥታ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቡናው ቀዘቀዘ። ከዚያ እስኪመሽ አወራ፤ እኔም ምክር መስጠት ስላላወቅኩበት ዝም ብዬ ሰማሁ። ያን ሌሊት ብቻውን አልተውኩትም፣ እዚያው አደርኩ።

ጠዋት አብረን ሆስፒታል ሄድን። «አማኑኤል» የሚለው ስም ስድብ በሆነበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። ተሰልፌ ካርድ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።