ክሊፑ ሦስት ወር፣ ሽፋኑ አንድ ሌሊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ የሙዚቃ ክሊፕ ነው። ግጥሙን ራሷ ጽፋዋለች፤ የዘፈነው የክፍሏ ልጅ ነው። ርዕሱ «ሲኒ» ይባላል። ቆሎ በሲኒ እየሰፈሩ ስላሳደጓት እናቷ የተዘፈነ ነው።

ክሊፑን አየሁት። ጎበዝ ልጅ ናት። ገብሱ ምጣድ ላይ ይንጣጣል። የማለዳ ብርሃን ጢሱ ላይ ያርፋል። የእናቷ እጅ ሲኒዋን ይሞላል፣ የደብተር ወረቀት ጠቅለል አድርጎ ውስጡ ይገለብጣል፣ ከዚያ ለምርቃት ጥቂት ፍሬ ጣል ያደርጋል። ለዚህች ምስል ሦስት ጠዋት ጉሊት ወርዳለች። ያስታውቃል።

«ሽፋኑስ?» አልኳት።

«እሱንማ ትናንት ማታ ጨረስኩት፣ ቲቸር» ብላ ከፈተችልኝ።

የዘፋኙ ፊት ነው። ጥቁር መነፅር አድርጓል። ከኋላው የማታ ከተማ መብራት አለ። «ሲኒ» የሚለው ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም፣ ጥላ ተጨምሮበት፣ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። ሲኒ የለም። ቆሎ የለም። እናት የሉም። ያ ሁሉ ጠዋት የት ገባ?

በእሷ አልፈርድም። የተማሪ ሥራ እንድገመግም ስጠራ በየዓመቱ የማየው ይህንኑ ነው። ለክሊፑ ሦስት ወር ይለፋል። ሽፋኑ፣ ፖስተሩና የዩቲዩቡ ታምኔል (ክሊፑ ከመከፈቱ በፊት የሚታየው ትንሽ ምስል) ግን በርክክቡ ዋዜማ በአንድ ሌሊት ይሠራሉ። ልጆቹ እንዲህ የሚያደርጉት ሰንፈው አይደለም። ሽፋን የሥራው አካል መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው። እኔ ደግሞ ሽፋኑ ከክሊፑ ጋር በአንድ ቀን መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ፖስተሩም እንደዚያው።

«አልበም» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከማሸጊያው ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው ሸክላ ዘመን አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ረዘም ያለ ሥራ ለመሸጥ ብዙ ሸክላዎችን እንደ ፎቶ አልበም በተጠረዘ መያዣ ውስጥ መሰካካት ግድ ሆነ። ስሙ ከዚያ ቀረ። መያዣው አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ወይ ቡኒ ነበር፤ ጽሑፍ እንጂ ሥዕል የለውም። በ1938 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ኮሎምቢያ ሪከርድስ አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ ወጣት ቀጠረ። ዕድሜው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ ሥዕል ይኑር ብሎ አለቆቹን ያሳመናቸው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሙዚቃን በዓይኑም መምረጥ ጀመረ።

እኛም አገር ይህ ታሪክ ባዶ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን አሳታሚ ሲከፍት፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። እሱ ግን ደፈረ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ የዚያ ዘመን ሸክላ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ሽፋኑ ከሌለ ወይ ከተቀደደ ዋጋው ይወርዳል። ሰብሳቢው ዘፈኑንማ በነፃ ያገኘዋል። የሚከፍለው ከነልብሱ ሊይዘው ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ። የካሴት ሽፋን ፊቱ 6.5 በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመታወቂያ ብዙም አይበልጥም። ያን ዘመን የኖረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ተቆርጦ የተለጠፈ የድምፃዊ ፊት፣ ከኋላው አበባ ወይ ፏፏቴ። ሙዚቃ ቤቱ መስታወት ላይ ደግሞ ያው ፎቶ በፖስተር። ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ያዩታል። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ አደንቃቸዋለሁ። ፖስተሩን ያየ ሰው መደርደሪያው ላይ ካሴቱን ወዲያው ይለየው ነበር። ፖስተሩና ሽፋኑ ወንድምና እህት ይመስሉ ነበር። የዛሬ ተማሪ ሥራ ላይ የማጣው ይህንን ነው። ክሊፑ ቡናማና ለስላሳ፣ ፖስተሩ ሐምራዊ፣ ታምኔሉ ቀይ ቀስት ያለበት። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች።

እንግሊዝ አገር ይህንን በፈተና ጭምር ይዘውት ነበር። ኦሲአር የተባለው ፈተና አዘጋጅ ለሁለተኛ ደረጃ የሚዲያ ተማሪዎች ለዓመታት አንድ ጥቅል ሥራ ይሰጥ ነበር። የሙዚቃ ቪዲዮ፣ የሲዲ ታጣፊ ሽፋንና የመጽሔት ማስታወቂያ፣ ሦስቱም ለአንድ አልበም። ተማሪው በመጨረሻ ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ዋናው ሥራና ተጓዳኞቹ ተባብረው ምን ያህል ይሠራሉ የሚል ነበር። ይህች ጥያቄ ብቻዋን የተማሪውን አሠራር ትቀይራለች። እንደምትመጣ ካወቀ ዋዜማውን አይጠብቅም።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጥሩ የፊደል ቅርጾች ተሠርተዋል፤ ሠሪዎቹን ያኑርልን። ግን ላቲኑ ካለው ጋር ሲተያይ አሁንም እፍኝ አይሞሉም። ስለዚህ የጨረታ ማስታወቂያውም፣ የሠርግ ካርዱም፣ የፍቅር ዘፈኑም በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋል። ተማሪው ይህ ሲሰለቸው ወርቅ ይቀባዋል፣ ጥላ ይጨምርበታል፣ ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ፊደል ሲለጠጥ እግሩ ይወፍራል፣ አግድም ጭረቱ ግን ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ሐ እና ጠ ከልክ በላይ ሲደምቁ ሦስት እግራቸው ተጣብቆ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ።

እኛ እኮ የጸሐፊዎች አገር ነን። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ አስምሮ፣ ብርዑን ቀርጾ፣ ዋናውን በጥቁር፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ይጽፍ ነበር። ሁለት ቀለም ብቻ። ገጹ ግን ዛሬም ዓይን ይይዛል። አለ ፈለገ ሰላም በ1957 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያፈራው ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ ይህንኑ ፊደል ይዞ አሜሪካ ገብቶ፣ ዕድሜውን በሙሉ ፊደል ሲስል ኖሯል። ሥዕሎቹ ላይ ፊደሎቹ ይደንሳሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይተቃቀፋሉ። አማርኛ የማያነብ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን ነው ከኮምፒዩተር የተገኘውን ወርቅ የምንቀባው።

ልጅቷን «በእጅሽ ጻፊው» አልኳት። «ጽሑፌ አያምርም» አለች። እንዲያምር አልፈለግሁም። ምጣዱ ስር ካለው ከሰል አንድ ስባሪ አንስታ፣ ቆሎ በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ፣ አርባ ጊዜ እንድትጽፈው ነው የጠየቅኳት።

በሦስተኛው ቀን አመጣችው። ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ደረደርናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገደማ የፈተና ወረቀት ላይ የተጻፉ ይመስላሉ፣ ፈርታለች። ከዚያ እጇ ይፈታል። ወደ ሠላሳኛው አካባቢ አንዱ ላይ ዓይናችን ቀረ። ሲ እና ኒ ሁለቱም ሣልስ ናቸው። ሁለቱም ከታች ወደ ቀኝ የምትወጣ እግር አላቸው። ከሰሉ እዚያ ጋ ጠበቅ ብሎ ተጎትቷል። ጉሊት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እግራቸውን የዘረጉ ሁለት ሴቶች መሰሉ። ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። «እማዬና ጎረቤቷ» አለች። ይህን የትኛው ሶፍትዌር ይሰጣታል?

ስለ ታምኔልም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚጫነው ምስል ብዙ ጊዜ 1280 በ720 ፒክስል ነው። ስልክ ላይ ሲታይ ግን የአውራ ጣት ያህል ነው የሚሆነው። ፊደላችን ደግሞ ትንንሽ ምልክት ይበዛበታል። ሰ እና ሸን የሚለያቸው አናት ላይ ያለች አንዲት ሰረዝ ናት። ተ እና ቸም እንደዚያው። አንድ ተማሪ «ሸማ» ብሎ የጻፈውን ስልኬ ላይ «ሰማ» ብዬ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ርዕሱን ስልክ ላይ አሳንሳችሁ፣ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። ከታች በቀኝ ጥግ ደግሞ ምንም አትጻፉ። ዩቲዩብ የክሊፑን ርዝመት የሚለጥፈው እዚያ ነው፤ ስማችሁን ይሸፍነዋል።

ለኅትመት ስትልኩ ፋይሉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ። ምስሉን ይጨምቀዋል፣ ፖስተሩ ላይ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኩት። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና ሐምራዊም ወረቀት ላይ ይሞታልና መጀመሪያ አንድ ቅጂ አሳትማችሁ እዩ። ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ ሽፋን ላይ መለጠፉም ይቅር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ፎቶንም ይጠብቃል። የተማሪ ሥራ ነው ብሎ መውሰድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ነገ በሙያው የሚኖር ሰው ከወዲሁ የሌላውን ሙያ ማክበር ይልመድ። ፊልም የምትቀርጹበት ቀን እኮ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ሰዉ ሁሉ እዚያው አለ። አሥራ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ የቆመ ፎቶ አንሱ። ከክሊፑ ላይ የተቆረጠ ፍሬም አይበቃም። እየተንቀሳቀሰ የተቀረጸ ነው፣ ሲያሳድጉት ይፈዛል።

ለመምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። ለሽፋኑና ለፖስተሩ ነጥብ መድቡ። ገና ሐሳቡ ሲቀርብ የሽፋኑም ረቂቅ በእርሳስ ይምጣ። ይህ የልጆቹን ክሊፕ ራሱ ያጠራዋል፤ በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ። ሥራውን በአንዲት ምስል ማሳየት ያቃተው ተማሪ ብዙ ጊዜ ክሊፑም ምን እንደሚል ገና አልለየለትም።

ልጅቷ ማሸጊያውንም አሰበችበት። ሥራው በ30 የሲዲ ቅጂ ነው የሚወጣው፤ ለገምጋሚዎቹና ለዘመድ። ሲዲ ማጫወቻ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጀርባው ላይ ወደ ክሊፑ የሚወስድ ኪውአር ኮድ አለ። የፕላስቲክ ሳጥኑን ተወችው። የደብተር ወረቀት አሳትማ እንደ ቆሎ ጥቅልል አጠፈችው፣ ሲዲው ውስጡ ይገባል። ሰማያዊ መስመሮቹ ይታያሉ። ስትፈታው የዘፈኑ ግጥም ውስጡ በእጅ ተጽፏል። ፊት ለፊት በከሰል የተጻፉት ሁለቱ ፊደላትና ከሥራቸው አንዲት ሲኒ ናቸው። ፖስተሩ ያችው ሲኒ ጎላ ብላ፣ ታምኔሉ ያችው ሲኒ በእናቷ እጅ ተይዛ። ጀርባው ላይ ፎቶውን ያነሳው፣ ፊደሉን የጻፈችው፣ ቆሎውን የቆሉት ሳይቀሩ ስማቸው ተጽፏል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለእናቷ ወስዳ አሳየቻቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሏት። አገላብጠው አዩት። ስማቸውን ሲያዩ ሳቅ አሉ። ከዚያ ሲኒዋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺ የኔ አይደለችም» አሉ። «የኔ አፏ ሸረፍ ያለ ነው። ደንበኞቼ ያውቋታል።»

እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ለፎቶው ብላ ከቤት አዲስ ሲኒ ወስዳ ነበር። ርክክቡ ሊደርስ ገና 9 ቀን ይቀረዋል። በማግስቱ ጠዋት ካሜራዋን ይዛ ጉሊት ወረደች። እናቷ ገበያው ጋብ እስኪል አስጠበቋት፣ ከዚያ ሲኒዋን በውኃ ለቅለቅ አድርገው ሰጧት።