«ሲስተም አይሳሳትም» ያሉን ኃላፊ

ቪዲዮውን አይታችሁታል። ሰሞኑን ቴሌግራሙም ቲክቶኩም እሱን ነው የሚቀባበለው። መስቀል አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ስለ ዲጂታል አገልግሎት ውይይት ነበር። መድረክ ላይ የነበሩ አንድ ኃላፊ ማይኩን ጠጋ አድርገው «ሰው ያዳላል፤ ሲስተም አያዳላም። ሰው ይሳሳታል፤ ሲስተም አይሳሳትም» አሉ። ቀጠሉና፣ ሁሉም ነገር ሲስተም ውስጥ ከገባ በኋላ ቅሬታ ሰሚ የሚባል ክፍል ትርፍ ወጪ ነው አሉ። «ይሄ ነው ሳይንሳዊ አሠራር» ብለው ደመደሙ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔን ያበሸቀኝ ጭብጨባው ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሲስተም ለምን አያዳላም? «ሒሳብ ስለሆነ» ነው መልሳቸው። ጉቦም አይበላም ብለዋል። እውነት ነው፣ አይበላም። ሽሮም አይበላም። ሲስተሙን የሚገዛው፣ «ይሄን ተቀበል፣ ያንን መልስ» ብሎ የሚያዘው ግን ሁለቱንም መብላት የሚችል ሰው ነው። ሒሳቡን ካነሳን ደግሞ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ ከባልደረባዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ጥናት አለ። ፊት አይተው «ወንድ ነው፣ ሴት ናት» የሚሉ ሦስት የገበያ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ሒሳቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚስተው ግን እየመረጠ ነው።

«አይሳሳትም» ወደሚለው ልምጣ። ሳይንስን እዚህ ውስጥ ምን አምጥቶ እንደዶለው አልገባኝም። የሳይንስ ፈላስፋውን ካርል ፖፐርን የማረከው የአይንስታይን ድፍረት ነው። አይንስታይን የኮከብ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ይሄን ያህል ይታጠፋል ብሎ ቁጥሩን አስቀድሞ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ተለካ። ልኬቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ንድፈ ሐሳቡ ገደል ይገባ ነበር። ለፖፐር ሳይንስ ማለት እንዲህ አንገትን አውጥቶ «እዚህ ላይ ከተገኘሁ ተሳስቻለሁ» ማለት ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ መለኪያው ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ሳይጽፍ የላብራቶሪ ሪፖርት ቢያስገባ ማርክ ይቀነስበታል። ኃላፊያችን ግን ያለ ምንም ቅናሽ ተጨበጨበላቸው።

«ያደጉት አገሮች ይሄን አልፈውታል» ብለዋል። ደስ ይለኛል፤ እንግሊዝ እንሂድ። እዚያ ፖስታ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ገደማ ሆራይዘን የሚባል፣ የጃፓኑ የኮምፒውተር ኩባንያ ፉጂትሱ የሚያንቀሳቅሰው የሒሳብ ሲስተም ማስገባት ጀመረ። በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማታ ሒሳብ ሲዘጉ «ገንዘብ ጎድሏል» ይላቸዋል። ሣጥኑን ይቆጥራሉ። ደረሰኙን ያገላብጣሉ። የጠፋ ነገር የለም። ሲስተሙ ግን ጎድሏል ብሏል፣ ውላቸው ደግሞ የጎደለውን ከኪሳችሁ ሙሉ ይላል። ተበድረው የሞሉ አሉ። ደውለው ሲያመለክቱ ብዙዎቹ የተነገራቸው «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ከእርስዎ በቀር የለም» የሚል ነበር። ለእያንዳንዳቸው ይሄንኑ!

ከዚያ ክስ መጣ። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ጥፋተኛ ተባሉ። የታሰረ አለ፣ የከሰረ አለ፣ ራሱን ያጠፋ አለ። ፍርድ ቤቶቹስ? በአገሩ ሕግ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ተብሎ ይገመታል። አይ የሚል ያስረዳ። አንዲት የመንደር ፖስታ ቤት ኃላፊ የፉጂትሱን ኮድ ከየት አምጥታ ታስረዳ? እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት ፈረዱ። ፖስታ ቤቱ ሽንጡን ገትሮ «ሲስተሜ ደህና ነው» ማለቱንም፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መሬት ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመከራከር ጋር አንድ አደረጉት። ፍርዱ በጅምላ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሕግ ነው። ካሳው ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል። ትርፍ ወጪ ማለት እሱ ነው።

እኛስ? መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ሰው የሌለውን ብር ሲያድል ማደሩን ረሳነው? በባንኩ በራሱ አነጋገር 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ ወጥቷል። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የውስጥ ችግር ነው ተባለ። ቅርንጫፎች በር ላይ የተለጠፈው ግን ብሩን ያልመለሱ ሰዎች ፎቶ እንጂ የሲስተሙ ፎቶ አልነበረም። ገንዘቡ መመለስ ነበረበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን «አይሳሳትም» ለማለት ትንሽ ዓመታት መጠበቅ ይገባ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሲስተሙ ዝም ብሎ እምቢ ሲል ነው። በቀደም ፒያሳ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ያሉ እናት ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ ቀይ። በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ደገሙት፤ ቀይ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው። አሻራው አልቋል። አጣቢ፣ ግንበኛና አዛውንት ላይ እንዲህ እንደሚሆን በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

«እናቴ፣ ሲስተሙ እምቢ ብሏል። ሌላ ቀን ብቅ ይበሉ» አላቸው ልጁ።

«ሌላ ቀን ሌላ ጣት ላበቅል ነው ልጄ?»

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ደጋግሞ ሞክሮላቸዋል። ግን እሱም ማለፍ አይችልም፣ አለቃውም «ሲስተሙ ነው» ነው የሚለው። ድሮ እምቢ የሚለን ሰው ቢያንስ ስም ነበረው። ወረፋ ማጠሩን፣ «ፋይሉ ጠፋ» የሚባለው ሰበብ መቀነሱን አልክድም። እሰየው። ለሳቸው ግን ምን ጠቀማቸው?

ኃላፊው ያንን የቅሬታ ሰሚ ክፍል ከመዝጋታቸው በፊት፣ ሲስተሙ የመለሰውን ጉዳይ በእጁ ማሳለፍ የሚችል፣ ስሙ በሩ ላይ የተጻፈ አንድ ሰው ያስቀምጡ። ሲስተሙ በወር ስንት ሰው እንደመለሰ፣ ከነሱ ስንቱን ያለጥፋቱ እንደመለሰ ያስቆጥሩና ይለጥፉት። ቆጥረው የማያውቁትን ስህተት የለም ማለት አይችሉም።