የት? በስንት ሰዓት? በምን?

የአክስቴ ልጅ ግንባሩ ላይ ሰባት ስፌት አለ። ዕድሜው 19 ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ የጓደኛው ልደት ላይ ነበር። እየጨፈረ ሳለ የአንዱን ልጅ ነጭ ጫማ ረገጠ። «ይቅርታ» ብሏል፤ ግን በዚያ ሙዚቃ ማን ይሰማል? ልጁ ገፈተረው። እሱም መልሶ ገፈተረ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት የቢራ ጠርሙሶች አንዱ ተነሳ።

ቁስሉ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ከፍ ይላል። ትንሽ ዝቅ ቢል ዓይኑ ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተደውሎልኝ ሆስፒታል ስደርስ፣ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ እንደ እሱ ጭንቅላታቸውን በሸሚዝ የያዙ ሌሎች ሦስት ወጣቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ሴት ልጅ ናት። ከሌላ ቦታ፣ ከሌላ ጸብ ነው የመጡት። ካርድ ላወጣለት ወረፋ ያዝኩ። ስም ተጠየቅኩ፤ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ ስልክ። የት እንደተመታ የጠየቀኝ የለም። በምን እንደተመታም አልተጠየቅኩም። ሠራተኞቹን አልወቅስም። ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጡ አይቻለሁ፤ ፎርሙ ራሱ አይጠይቅም።

ፖሊስ ጋም አልሄድንም። በሦስተኛው ቀን የመቺው አባት ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው አክስቴ ቤት መጡ። የሕክምናውን ወጪ ከፈሉ። ልጆቹ ተሳሳሙ። የመታውም ገና 19 ዓመቱ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቂሜ እዚያው ሟሟ። ዓይኑን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮስ? በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 555 አስቦ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። በአንድ ጫማ ምክንያት!

እርቁን አልጠላም። ሁለት ቤተሰብ ከቂም አድኗል። ግን ጉዳዩ እዚያ ሳሎን ውስጥ ተዘጋ። ፖሊስ አያውቀውም። ሆስፒታሉ የሚያውቀው ስፌቱን ብቻ ነው። ጭፈራ ቤቱ በማግስቱ ያንኑ ጠርሙስ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ከፈተ። እኛ ደግሞ ቡና ላይ ቁጭ ብለን «የዘንድሮ ልጅ ተበላሸ» ተባባልን።

ይህችን አባባል ጠላኋት። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ጠርሙስ ያነሳ እጅ ተጠያቂ ነው። ግን «ተበላሹ» ብለን ስንዘጋው ቀጣዩን ቅዳሜ የሚያድን አንድም ነገር አልሠራንም። አመል በአንድ ሳምንት አይታረምም። ጠረጴዛ ላይ ያለ ጠርሙስ ግን በአንድ ደቂቃ ይነሳል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የካርዲፍ ከተማ ታሪክ ነው። ካርዲፍ የዌልስ ዋና ከተማ ናት። ጆናታን ሼፐርድ የሚባል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም በመጠጥ ቤት ጸብ ፊታቸው የተቆረጠ ወጣቶችን ሲሰፋ ኖሯል። ነገሩን ሲመረምር ሆስፒታል ከሚመጡት ተጎጂዎች ብዙዎቹ በፖሊስ መዝገብ ላይ እንደሌሉ አየ። ልክ እንደኛ። ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል እንግዳ ተቀባዮች ጥቂት ነገር እንዲጠይቁ ተደረገ። የት ተመታህ? በስንት ሰዓት? በምን? የተጎጂው ስም ይሰረዝና የቀረው መረጃ በየጊዜው ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ይደርሳል። ስም ስለሌለበት ማንም ሕክምና ለመምጣት አይፈራም።

በዚህ መረጃ የፖሊስ ቅኝት ጸብ ወደሚበዛባቸው ቤቶችና ሰዓቶች ዞረ። የሚሰበር ብርጭቆ በፕላስቲክ እንዲተካ ግፊት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ካርዲፍን ከ14 ተመሳሳይ ከተሞች ጋር አነጻጽሮ፣ በድብደባ ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥር በ42 በመቶ መቀነሱን አሳየ። የካርዲፍ ወጣት በአንድ ጊዜ ጨዋ ስለሆነ አይመስለኝም። የሚያመሽበት ቦታ ስለተስተካከለ ነው።

እኛ ጋ ብንጠይቅ ምን እናገኝ ይሆን? አስቀድሜ የምገምተው አለኝ።

ጠርሙሱ ይመጣል። ብዙ ቤት ባዶ ጠርሙስ ከጠረጴዛ ላይ አያነሳም። አስተናጋጇ ሂሳብ ስትሠራ የምትቆጥረው እሱን ነው። ለጠጪዎቹም መታያ ሆኗል፤ አሥር ባዶ ቢራ የተደረደረበት ጠረጴዛ የወንዶች ጠረጴዛ ነው። አዋጥተው ውስኪ ያወረዱ ልጆችም ጠርሙሱን መሀል ላይ ያቆሙታል። ሰው ሞቅ ሲለው እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ደርዘን መሣሪያ ቀርቧል ማለት ነው። ሂሳብ እኮ በወረቀት ይያዛል።

ቀጥሎ በሩ። ይህንን ብዙ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ልጆች ሲያያዙ ባውንሰሮቹ ሁለቱንም አንጠልጥለው በአንድ በር፣ በአንድ ጊዜ ያወጧቸዋል። ለቤቱ ጸቡ አልቋል። ለልጆቹ ገና መጀመሩ ነው። ውጭ ገላጋይ የለም፤ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ግን አለ። አንዱን አስቀድሞ ማስወጣት፣ ሌላውን ሩብ ሰዓት ውስጥ አስቀምጦ ውኃ መስጠት ምን ያህል ያስቸግራል?

ሰዓቱም አለ። ቤቶቹ ተያይዘው ሲዘጉ ሁሉም ባንዴ አስፋልት ላይ ይፈስሳል። ታክሲ የለም። ራይድ ዋጋው ይንራል። በብርድ፣ ሰክሮ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ የቆመ ወጣት ትከሻውን የነካውን ሁሉ ይጣላል። በአውስትራሊያዋ ኒውካስል እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ይሠሩ የነበሩ 14 መጠጥ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2008 መዝጊያቸው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ሲመለስ ድብደባ ከሲሶ በላይ ቀንሷል። የእኛ ከተማ ሰዓት ስንት ይሁን የሚለውን እዚህ አልወስንም። መጀመሪያ የተጎዱት በስንት ሰዓት እንደተጎዱ እንወቅ።

ዕድሜውን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ያው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን አጥፍቷል፤ ያ ተፈጽሟል፣ ሁላችንም አይተናል። የዕድሜው ግን ወረቀት ላይ ቀረ። በዚያ ልደት ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ 21 አልሞላቸውም። መታወቂያ የጠየቃቸው የለም። ሕጉ ቢከበር ኖሮ ያቺ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አትገኝም ነበር።

ጭፈራ ቤት ይዘጋ የሚሉ ሰዎችን ሐሳብ አልደግፍም። ልጆች መጨፈር አለባቸው። እኔም ጨፍሬያለሁ። ከተዘጋባቸው ባውንሰርም አምቡላንስም ወደማይደርስበት ግቢ ይገባሉ።

የምጠይቀው የጤና ቢሮውን ነው። አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ኮሚቴም አያስፈልግም። ቅዳሜና እሑድ ሌሊት፣ በበዓል ዋዜማ፣ በምረቃ ሰሞን ካርድ ክፍል የሚቀመጠው ሰው ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቅ። መልሱ ያለ ስም ተጠቃሎ በየወሩ ለፖሊስ ኮሚሽኑ ይድረስ። አንድ ቤት በወር አምስት ጊዜ ስሙ ከተነሳ፣ ባለቤቱ ተጠርቶ ስለ ጠርሙሱና ስለ በሩ ይጠየቅ።

የሚጻፍበት ቦታ እንኳ አለ። የአክስቴን ልጅ ካርድ እስኪሰፋ ድረስ እጄ ላይ ይዤው ነበር። ከአድራሻው በታች ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ።