ይድረስ ለኮምፒውተሬ ማቀዝቀዣ ፋን

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ጩኸት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረግኩ (ያቀናበርኩትን ወደ አንድ ፋይል እያወጣሁ) መሆኔን ለሰፈሩ ሁሉ ማብሰር ይዘሃል። ትናንት ጎረቤታችን እማማ በር አንኳኩተው «ልጄ፣ መብራት እኮ መጥቷል፤ ጄነሬተሩን አታጠፋውም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «እሺ እማማ» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ።

ትረካ ስቀዳማ የባሰ ነህ። «ሁለቱ ጥንዶች…» ከማለቴ ትቀበለኛለህ። ባለፈው ማይኩን ይዤ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁልህ። ባለቤቴ ካፖርት መሃል ቁጢጥ ብዬ በለሆሳስ «የፍቅር ጉዟቸው» ስል አገኘችኝ። ምንም አላለችም፤ በሩን መልሳ ዘጋችው።

እርግጥ ጥፋቱ የኔም ነው። ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ስገዛ የሚያውቅ ሰው «ኮር አይ5 14500 ይበቃሃል» ብሎኝ ነበር። ጆሮዬ ግን ከአይ9 በታች አልሰማ አለ። 14900ኬኤፍ ገዛሁ። 24 ኮር፣ በአንድ ቺፕ 24 ሠራተኛ በለው! ለጓደኞቼ ሳወራ 24 በሬ የጠመድኩ ነበር የመሰለኝ፤ ቀለባቸውን አልጠየቅኩም። ሥራ ሲበዛ እስከ 253 ዋት ይበላል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል ሁለት ተኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ አብርተው «በል አቀዝቅዝ» አሉህ ማለት ነው። ማቀዝቀዣ አብሮት እንደማይመጣ ስሰማ ኪሴ ነጥፎ ነበርና በተረፈችኝ ብር አንተን፣ ባለ 92 ሚሊሜትሩን ቀጫጫ፣ አነሳሁ። ባለ 140 ወንድምህ እየተንጎራደደ የሚነፍሰውን አየር አንተ በሩጫ ነው የምታደርሰው።

የሚያንገበግበኝ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ናት። በጥቂት ብር ስለረከሰ ያተረፍኩ መስሎኝ! ለካ አብሮት የተሠራ ግራፊክስ፣ ምስልና ቪዲዮ የሚያስተናግድ ክፍል፣ የለውም ማለት ኖሯል። ካሜራዬ የሚቀዳው ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 ኤች.265 የሚባል፣ የቀለም መረጃው የበዛ፣ ታምቆ የተቋጠረ ቪዲዮ ነው። ያ የናቅኩት አይ5 በግራፊክሱ ውስጥ ባለው ክዊክ ሲንክ በሚባል ቪዲዮ ፈቺ ይህን ኮሽ ሳይል ይፈታው ነበር። የኔው ባለ 24 በሬ ክዊክ ሲንክ የለውም፤ የቆየችው ግራፊክስ ካርዴም 4፡2፡2 የሚባል አታውቅም። ታይምላይኑን (ቪዲዮውን የምቆርጥበትን መስመር) በነካሁ ቁጥር በሬዎቹ ሁሉ ይነሳሉ፣ አንተ ታጓራለህ።

ነገ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቼ የዋቱን ጣሪያ 125 ላይ ልቸነክረው ነው። ኤክስፖርቱ ይዘገይ እንደሆነ ይዘግይ፤ ሙሽሮቹ እንደሆነ ተጋብተዋል፣ የትም አይሄዱም።

ለፓወር ሰፕላዩ (መብራት ለሚያድለን ሳጥን) ፋን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጨዋ ነው፤ እሱም እንደሚዞር ያወቅኩት አንተን በእርሳስ ጫፍ ያስቆምኩህ ዕለት ነው።

እንቅልፍ የናፈቀው ወዳጅህ